የጂግሊፓፍ «ሬስት» መቼ ይመታል? ለአዳማው ጠያቂ

ጥያቄው የመጣው ከአዳማ ነው። ላኪው ፍራንኮ አካባቢ ከጓደኞቹ ጋር «ሱፐር ስማሽ ብሮስ አልቲሜት» የተባለውን የድብድብ ቪዲዮ ጌም የሚጫወት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። ጨዋታውን ለማታውቁ፦ ጂግሊፓፍ ከገጸ ባሕርያቱ አንዷ ናት። ፐርሰንት የተመታ ሰው የተጠራቀመበት ጉዳት ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር በምት ርቆ ይወረወራል፣ ከመድረኩ በጣም ከራቀም ነፍስ ያጣል። ስማሽ ደግሞ ቁልፉን ይዘው በማቆየት (ቻርጅ በማድረግ) የሚያጠነክሩት ከባድ ምት ነው።

«ሰላም ወንድሜ። የምጫወተው በጂግሊፓፍ ነው። ሬስት የሚባለውን ምት ግን መቼ እንደምጠቀምበት ግራ ገብቶኛል። ስሞክረው እስታለሁ። ተኝቼ ስቀር ጓደኞቼ ስማሻቸውን ቻርጅ እያደረጉ ይስቁብኛል። ስለዚህ መሞከሩን ተውኩት። አሁን ደግሞ አንዴም ሳልጠቀምበት ጨዋታው ያልቃል። አንዱ ‹ከ60 ፐርሰንት ካለፈ በቃ ምታው› ይለኛል። ሌላው ‹ለቀልድ ካልሆነ አትንካው› ይላል። የቱ ነው ልክ? ደግሞ ሁለት ለሁለት ስንጫወት የራሴን ጓደኛ መትቼ ገደልኩት። ይሄስ እንዴት ነው?»

ወንድሜ፣ ሁለቱም መካሪዎችህ ግማሹን ብቻ ነው የነገሩህ። የመጀመሪያው የሚያየው የተጋጣሚህን ፐርሰንት ብቻ ነው። ሁለተኛው የሚያየው ስትስት የሚደርስብህን ብቻ ነው። እኔ መጀመሪያ እንድታየው የምፈልገው የራስህን ፐርሰንት ነው። አዎ፣ የራስህን። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ምቱ ምን እንደሆነ እንስማማ።

ሬስት የጂግሊፓፍ የታች ስፔሻል (ልዩ ምት) ነው። የጆይስቲኩን ዱላ ወደ ታች ገፍተህ የቢ (B) ቁልፍን ትጫናለህ፣ እሷም እዚያው ዓይኗን ጨፍና ትተኛለች። ምቱ የሚወጣው ገና መተኛት ስትጀምር ነው። ጨዋታው በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ነው የሚሮጠው። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው በቀድሞው የስማሽ ጨዋታ በ«ሜሌ» ላይ ሬስት በ1ኛው ፍሬም ይመታ ነበር። ከዚያ የፈጠነ ምት ሊኖር አይችልም። አልቲሜት ላይም ተጋጣሚህ አይቶ የሚሸሸው ዓይነት አይደለም። በዚያ ላይ መጀመሪያው ላይ ለጥቂት ቅጽበት ምንም ነገር አይነካትም።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ምቱ የሚደርሰው እሷ ያለችበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። እጅ አይዘረጋም፣ እግር አይወረወርም። ተጋጣሚህ አጠገብህ መቆሙ አይበቃም። ገላችሁ መደራረብ አለበት። ሁለተኛ፣ ከዚያ በኋላ ወደ 4 ሰከንድ ገደማ ትተኛለች። በዚህ ጨዋታ 4 ሰከንድ ዘላለም ነው። አንድ ስማሽ እስከ ጥግ ቻርጅ ለመሆን 1 ሰከንድ ይበቃዋል፣ ጉዳቱም ወደ 1.4 እጥፍ ያድጋል። ተጋጣሚህ መጥቶ፣ ቦታ መርጦ፣ ቻርጅ አድርጎ፣ አንተን እያየ ስቆ ነው የሚመታህ። ጓደኞችህ የሚያደርጉትም ይሄንኑ ነው።

በዚያ ላይ ጂግሊፓፍ በጣም ቀላል ናት። በአልቲሜት ክብደቷ 68 ነው። ከእሷ የሚቀለው ፒቹ ብቻ ነው፣ እሱ 62 ነው። ባውዘር 135 ነው፣ ከእሷ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ባውዘር ተኝቶ ቢመታ ሊተርፍበት የሚችለው ምት እሷን ጠርጎ ይወስዳታል።

አሁን ወደ ራስህ ፐርሰንት እንምጣ። ሬስትን ከመጫንህ በፊት የምትጠይቀው «ይገድለዋል ወይ?» ብቻ አይደለም። «ብስት ምን እከፍላለሁ?» የሚለውም አለ። ዋጋው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም።

ገና 0 ፐርሰንት ላይ ነህ እንበል። ስተህ ተኛህ። ቻርጅ የሆነ ስማሽ በላህ። ተጋጣሚህ ጋኖንዶርፍን የመሰለ ከባድ መቺ ካልሆነ ብዙ ጊዜ ትተርፋለህ። 30 ወይም 40 ፐርሰንት ተሸክመህ ትመለሳለህ። ያማል፣ ግን አልሞትክም።

አሁን ደግሞ 50 ላይ ነህ። ገና ብዙ መጫወት የምትችልበት ነፍስ ነው። ስተህ ተኛህ። ያው ስማሽ አሁን ጨርሶ ይገድልሃል። የጣልከው ግማሽ ነፍስ ነው። ብዙ ጀማሪ «ገና መሃል ላይ ነኝ፣ ልሞክረው» የሚለው እዚህ ጋ ነው። ዋጋው ከሁሉ የሚወደደውም እዚሁ ነው።

አሁን 110 ላይ ነህ። ጂግሊፓፍ 110 ላይ ሆና የሚያስፈራት የተኛች ጊዜ ብቻ አይደለም። ነቅታም ብትሆን አንድ ጥሩ ምት ይበቃታል። ስትስት የምትጥለው ነፍስ አብዛኛው ያለቀ ነፍስ ነው። ስለዚህ ርካሽ ሆነ ማለት ነው። ሌላ ነገርም አለ። አልቲሜት ላይ ሬጅ የሚባል ነገር አለ። የራስህ ፐርሰንት ከ35 ሲያልፍ ምትህ ሰውን እያራቀ መወርወር ይጀምራል። እስከ 150 ድረስ እየጨመረ ይሄድና ወደ 1.1 እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ 110 ላይ ያለች ጂግሊፓፍ የምትመታው ሬስት ገና ከተነሳችው ይበልጥ ይገድላል። ዋጋው ወርዶ ምቱ የሚጠነክርበት ሰዓት ይሄ ነው። ብዙ ሰው ግን 110 ሲደርስ ፈርቶ መሸሽ ይጀምራል። ሬስትን እርግፍ አድርጎ የሚተወውም ያኔ ነው።

የተጋጣሚህን ሁኔታ ደግሞ ከዚህ ጋር አያይዘው። በውድድር አልቲሜት ብዙውን ጊዜ 3 ነፍስ ነው። ተጋጣሚህ የመጨረሻ ነፍሱ ላይ ከሆነና ምቱ ከገደለው መተኛትህ ምንም አያስከፍልህም። ጨዋታው አልቋል፣ ተኛ። እዚያ ሰዓት ላይ የተገኘች ዕድል ሁሉ ልትሞከር ይገባታል። ግልባጩን አስበው፦ አንተ የመጨረሻ ነፍስህ ላይ ነህ፣ እሱ ሁለት አለው። መታኸው፣ ሞተ። ግን ትንሽ ቆይቶ ከላይ ይመለሳል፣ እንደተመለሰ ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ አይነካም። በሜሌ ዘመን ጂግሊፓፍ ገድላ ሳትነቃ መገደሏ የታወቀ ጣጣ ነበር። ሬስት የሚወረውረው ወደ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሟቹ በኮከብ ተመስሎ ቀስ እያለ ከጠፋ ጊዜ ታገኛለህ። ወዲያው ከፈነዳ ግን ቶሎ ይመለሳል። ይሄን አንተ አትመርጥም። በቀረህ አንድ ነፍስ ቁማር ከመጫወትህ በፊት አስብበት።

«ከ60 በላይ» ስለሚባለው ነገር አንድ ልበል። ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዘው። ፒቹን የሚገድለው ቁጥር ባውዘርን አይገድልም። የዶንኪ ኮንግ ክብደት 127፣ የኪንግ ኬ ሩል 133 ነው። ፕላትፎርም ላይ ቆሞ የተመታ ሰው መሬት ላይ ከተመታው ቀድሞ ይሞታል፤ ለጣሪያው ቀርቧልና። አየር ላይ ከፍ ብላችሁ ስትገናኙማ ይበልጥ ቀድሞ። ቁጥሩን ከሰው አትቀበል። ራስህ የምታገኝበትን መንገድ ወደ ኋላ እነግርሃለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ችግርህ። «ስሞክረው እስታለሁ» ብለሃል። እንዴት እንደምትሞክረው አልነገርከኝም፣ ግን መገመት አይከብድም። ተጋጣሚህ ወደ አንተ እየሮጠ ሲመጣ «አሁን ይደርሳል» ብለህ ትጫናለህ። ወይም አጠገብህ ሲያርፍ ደንግጠህ ትጫናለህ። እንዲህ የሚመታ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይስታል። የገሎቹ መደራረብ የሚገኘው በመገመት አይደለም። በሌላ ምት ይዘኸው ስትመጣ ነው።

አልቲሜት ላይ ሦስት መንገድ ልንገርህ። የመጀመሪያው የታች አየር ምቷ ነው። እግሯን እያሽከረከረች ደጋግማ ትመታለች። ወደ መሬት እየወረድክ ስትመታበት ተጋጣሚህን ይዘኸው ትወርዳለህ። መሬት ስትነካ ገላው ገላህ ላይ ነው። ያኔ ሬስት። ከሦስቱ ለመማር የሚቀለው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም ምቱ ብዙ ስለሆነ ለማሰብ ፋታ ይሰጥሃል። ይዞኛል ወይስ አልያዘኝም የሚለውን ዓይንህ ለማየት ይደርሳል። ካልያዝከው አትጫን። ልምድ ያለው ተጋጣሚ ግን ምቱ ሲደጋገምበት ዱላውን እየደበደበ ከመሃሉ ሸርተት ይላል። ሸርተት ሲል ካየህ ተወው፣ በሌላ ምት ቀጥል።

ሁለተኛው የላይ አየር ምቷ ነው። መሬት ልትነካ ስትል ከስር አግኝተኸው ትንሽ ወደ ላይ ታነሳዋለህ፣ ትዘልና እላዩ ላይ ትተኛለህ። ይሄ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ጊዜው ጠባብ ነው። ተጋጣሚህ ሲወረወር ዱላውን ወዴት እንዳዘነበለም ማየት አለብህ። ወደ ግራ ካዘነበለ ወደ ግራ ይሄዳል። እሱ ግራ ሄዶ አንተ መሃል ላይ ከተኛህ ያው የጓደኞችህ ሳቅ ነው።

ሦስተኛው ፓውንድ ነው፣ የጎን ስፔሻሏ። በተወሰነ ፐርሰንት ላይ ፓውንድ ተጋጣሚውን ብዙም ሳያርቅ ወደ ላይ ያነሳዋል። ተከትለህ ዘለህ ትደርስበታለህ። ፐርሰንቱ ካለፈ ይርቅና አትደርስም። ፓውንድን ከሁሉም በላይ የምወድላት ግን በሌላ ሥራዋ ነው። ጋሻ ትበላለች። አልቲሜት ላይ ሙሉ ጋሻ 50 ነጥብ አለው፣ ፓውንድ ከዚያ ላይ ትልቅ ቁራሽ ነው የምትቆርሰው። ሬስት የፈራ ሰው ጋሻ ውስጥ ይደበቃል። ደጋግመህ ፓውንድ ስታደርግበት ጋሻው ይሰበራል። ጋሻው የተሰበረ ሰው ይደነዝዛል። ፐርሰንቱ ባነሰ ቁጥር መደንዘዙ ይረዝማል። ያኔ በእርጋታ ሄደህ፣ ቆመህ፣ ገላህን ገላው ላይ አድርገህ መተኛት ነው። ለዚህ ምት ከዚህ የተመቸ ሰዓት የለም።

እዚህም ላይ ግን ፐርሰንቱን እይ። የደነዘዘው ሰው ፐርሰንት ከፍ ያለ ከሆነ ቻርጅ የሆነ የፊት ስማሽህ ብቻውን ይገድለዋል። እንግዲያው ለምን ትተኛለህ? ነቅተህ ግደለው። ደግሞ ፐርሰንቱ ገና 15 ከሆነ ሬስትም ላይገድለው ይችላል። ካልገደለው ወደ ሰማይ ሄዶ ይመለሳል፣ አንተ ገና ተኝተህ ታገኘዋለህ። ሬስት የሚያስፈልግህ በሁለቱ መካከል ነው፤ ስማሹ የማይገድልበት፣ ሬስቱ ግን የሚገድልበት ሰዓት ላይ።

ስለ ጋሻ ካነሳሁ አይቀር፣ የአንተ ጋሻ እንዳይሰበር ተጠንቀቅ። ጂግሊፓፍ ጋሻዋ ሲሰበር እንደ ሌላው መደንዘዝ አይደለም ዕጣዋ። ወደ ላይ ተወርውራ ትሞታለች፣ ከላይዋ የሚያግዳት ነገር ካልተገኘ በቀር። እ.ኤ.አ. ከ1999ኙ ከመጀመሪያው የስማሽ ጨዋታ ጀምራ ያለች ገጸ ባሕርይ ናት። ይሄ ዕጣዋም የቆየ ነው።

ከጋሻህ ውስጥ ሆነህ ሬስትን በቀጥታ መጫን አይቻልም። መጀመሪያ መዝለል አለብህ። አልቲሜት ላይ ሁሉም ገጸ ባሕርይ ለመዝለል 3 ፍሬም ይፈጅበታል። ዝለልና ወዲያው ሬስት። ይሄ የሚሠራው ተጋጣሚህ ጋሻህን መትቶ እላይህ ላይ ሲያርፍ ነው። ገላው ገላህን አቋርጦ ሲያልፍ ማለቴ ነው። ጫፍ ላይ ሆኖ በሰይፍ ከመታህ አይሠራም። ማርዝን፣ ክላውድን፣ ሴፊሮዝን የሚጫወት ጓደኛ ካለህ እሱ ላይ ሬስት ለመምታት ቀንህን አታባክን። እነሱ መጠጋት አይወዱም። እነሱ ላይ የምትመታው ራስህ ገብተህ በታች አየር ምትህ የያዝካቸው ጊዜ ብቻ ነው። ከባዶቹ ደግሞ ሌላ ነገር ናቸው። ገላቸው ሰፊ ስለሆነ መደራረቡ ይቀላል። ግን ለመሞት ብዙ ፐርሰንት ይፈልጋሉ፣ ከሳትካቸው ደግሞ ከሁሉም ቀድመው የሚገድሉህ እነሱ ናቸው። ባውዘር ላይ የሬስት ጥማት ከያዘህ የራስህን ፐርሰንት ሁለት ጊዜ እየው።

ግምት ጨርሶ ክልክል ነው አልልህም። ግን ግምት የሚባለው ያየኸውን ስትጠብቅ ነው። ተጋጣሚህ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ሲነሳ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ይንከባለላል እንበል። ሁለት ጊዜ አይተኸዋል። በሦስተኛው የሚቆምበት ቦታ ላይ ቀድመህ ቁም። ሲመጣ ገና እየተንከባለለ ከተኛህ ትስተዋለህ፤ በሚንከባለልበት ጊዜ አይነካም። መንከባለሉን ሲጨርስ ነው። እዚያው ቆሞ የሚሸሸውም እንደዚሁ። ሰው ሲደነግጥ የሚያደርጋት አንዲት ነገር አለችው። እሷን ፈልግ። ካላወቅካት ሬስቱን አትጫን።

አሁን «አንዴም ሳልጠቀምበት ጨዋታው ያልቃል» ወዳልከው ልምጣ። ይሄ ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። አንድ ጊዜ በሬስት የሞተ ሰው ቀሪውን ጨዋታ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የሚጫወተው። አይጠጋህም። ጋሻውን አብዝቶ ያነሳል። ከላይህ ማረፍ ይፈራል። ያኔ ፓውንድ ጋሻውን ይበላል፣ መያዝህም ይሠራል፣ በአየር ላይ ወደ ኋላ የምትመታው ምትም ቦታ ያገኛል። ሬስቱን ሳትጫነው ሥራውን ሠራ። ግን ይሄ የሚሆነው ተጋጣሚህ እንደምትመታ ካመነ ነው። ጓደኞችህ አንተ መሞከር እንደተውክ አውቀዋል። ስለዚህ ማንም አይፈራህም። ኮንከር ስትጫወት ጆከሩን «ለበኋላ» ብለህ ስታቆየው ሌላው ይዘጋና ጆከሩ እጅህ ላይ ቅጣት ይሆናል አይደል? አንተም እያደረግክ ያለኸው እሱን ነው። ከጨዋታው መጀመሪያ ላይ አንድ ጥሩ ሬስት ማሳየት አለብህ። የግድ በግምት አይደለም፣ በታች አየር ምት ይዘህ።

ደግሞ ሬስት ሳይደጋገም መቆየቱ ራሱ ይጠቅማል። አልቲሜት የመጨረሻዎቹን 9 ያረፉ ምቶችህን ያስታውሳል። አንድን ምት ደጋግመህ ካሳረፍክ እየደከመ ይሄዳል። ሬስት አልፎ አልፎ ስለሚያርፍ ሁልጊዜ ትኩስ ነው። የሳትከው ደግሞ አይቆጠርም።

ቪዲዮ እያየህ እንደምትማር እገምታለሁ። አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ኢንተርኔት ላይ የምታየው ዝነኛ የሬስት ቪዲዮ አብዛኛው የሜሌ ነው። ሀንግሪቦክስ የሚባለው አሜሪካዊ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ2016 ኢቮ በተባለው ትልቅ የጌም ውድድር ላይ ሜሌን ያሸነፈው በጂግሊፓፍ ነው። ማየቱ ያስደስታል። ግን ሜሌ ላይ ሬስት በዝቅተኛ ፐርሰንት ይገድላል። ፎክስን ወደ ላይ ወርውሮ መተኛት ይሠራል። ውድድሩም በ4 ነፍስ ነው። ይሄን እንዳለ አልቲሜት ላይ ብትገለብጠው ቀኑን ሙሉ ተኝተህ ትውላለህ። ከእሱ የምትማረው ትዕግሥቱን ነው። ሬስት ከመምታቱ በፊት ምን ያህል ጊዜ ገብቶ እንደሚወጣ ቁጠር።

ሌላው፣ አንተ ምንም ሳታጠፋ የሚያስትህ ዕቃ አለ። ዱላው የተበላ ጆይስቲክ ወደ ታች ስትገፋው ወደ ጎን ያጋድላል። ሬስት ያልከው ፓውንድ ሆኖ ይወጣል። ወደ ልምምድ ገብተህ ደጋግመህ ተጫነው። አልፎ አልፎ ፓውንድ ከወጣ ችግሩ አንተ ጋ አይደለም፣ ጆይስቲክ ቀይር። ቴሌቪዥኑንም እይ። ጌም ሞድ የሚባል ምርጫ ካለው አብራው። ያለዚያ ምስሉ ዘግይቶ ነው የሚደርስህ፣ እጅህ ልክ ሆኖ ዓይንህ ይሳሳታል። ኦንላይን ስትጫወትም እንደዚሁ ነው። አልቲሜት ኦንላይን ላይ ኔትወርኩ ሲደክም የምትጫነው ሁሉ ይዘገያል። ከቴሌቪዥን ላይ የተማርከው ጊዜ እዚያ አይሠራም። ኦንላይን ላይ እኔ የምመክርህ የተሰበረ ጋሻ ላይ ብቻ እንድትመታ ነው። መብራት ሲጠፋ ስዊቹን ከቴሌቪዥኑ ነቅላችሁ በባትሪ የምትቀጥሉ ከሆነም፣ በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይ ለአራት አፍጥጣችሁ የገላ መደራረብ ማየት ከባድ ነው። ያኔ ሬስትን ተወውና ተዝናና።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ወደ ትሬኒንግ ግባ። ጓደኛህ የሚጫወትበትን ገጸ ባሕርይ ተጋጣሚ አድርግ። ፐርሰንቱን ራስህ ማስተካከል ትችላለህ። ከ40 ጀምረህ እየጨመርክ ሬስት ምታው። የሚሞትበትን ቁጥር ታገኛለህ። በእያንዳንዱ ጓደኛህ ገጸ ባሕርይ ላይ አንድ ቁጥር ያዝ፣ በቃ። አራት ቁጥር መሸምደድ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምንም አይደለም። ቁጥሩ ላይ ትንሽ ጨምርበት፤ ትሬኒንግ ላይ ያለው አሻንጉሊት ዱላውን አያዘነብልም፣ ጓደኛህ ግን ያዘነብላል። ከዚያ የጨዋታውን ፍጥነት ቀንስና የታች አየር ምቱን ተለማመድ። ገላው ገላህ ላይ ሲሆን ምን እንደሚመስል ዓይንህ ይልመደው። ፍጥነቱን ቀስ በቀስ መልስ። መጀመሪያ ላይ ሬስቱን ሳትጫን አድርገው። እየወረድክ ይዘኸዋል ወይስ አልያዝከውም የሚለውን ብቻ በአፍህ ተናገር። «ያዝኩ»፣ «አልያዝኩም»። ይሄን ሳትሳሳት መናገር ስትችል ነው ሬስቱን የምትጨምርበት። የሚስቅብህ ካለ በርህን ዝጋ።

ወደ አራት ሰው ጨዋታችሁ እንምጣ። ይሄ ሌላ ዓለም ነው። ሁሉም በሁሉም ላይ ሲሆን ሬስት አንዱን ገድሎ ሁለቱን ይጠራብሃል። ያኛው ቢሞትም ሌሎቹ ነቅተው ይጠብቁሃል። ስለዚህ እዚያ ላይ መምቻው ሰዓት ሌሎቹ ሁለቱ ከመድረኩ ውጪ ሲሆኑ ወይም እርስ በርሳቸው ሲጠመዱ ነው። አንድ ጥሩ ነገርም አለው። በግርግሩ ውስጥ ሰው እላይህ ላይ የሚወድቅበት ጊዜ ይበዛል። ራስህ 120 ከሆንክና ሁለት ሰው ገላህ ላይ ከተደራረበ ተኛ። ሁለቱንም ይወስዳል። አንድ ለአንድ ስትጫወቱ የሸመደድከው ቁጥር ግን እዚህ ይለወጣል። አልቲሜት ዕቃ ሳይኖር አንድ ለአንድ ሲሆን ጉዳቱን 1.2 እጥፍ ያደርጋል፣ አራት ስትሆኑ ይሄ ጭማሪ የለም። ፐርሰንቱ የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። ከመድረክ ውጪ ደግሞ አትተኛ። የመጨረሻው ሰው ካልሆነ በቀር እሱ ወደ ላይ፣ አንተ ወደ ታች ትሄዳላችሁ።

ሌሎች ጓደኞችህም ተመሳሳይ ጥያቄ ካላቸው ባጭሩ፦ የጋኖንዶርፍ ዋርሎክ ፓንች እና የካፒቴን ፋልከን ፋልከን ፓንችም ብስት ምን እከፍላለሁ በሚለው ጥያቄ ይመዘናሉ። ግን እነሱ የሚዘገዩት ከመምታታቸው በፊት ነው። ፋልከን ፓንች እስኪመታ አንድ ሰከንድ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። የተሰበረ ጋሻ ካላገኙ ባይነኳቸው ይሻላል። የማርዝ ካውንተር (የመጣበትን ምት መልሶ የሚመታበት) በተቃራኒው ርካሽ ነው፣ ቢስትም የሚያስከፍለው ትንሽ ነው። ስለዚህ እሱን ብዙ ጊዜ መሞከር ይቻላል።

የሁለት ለሁለቱን ጉዳይ በተመለከተ፣ ጓደኛህን የመታኸው ሕጎቹ ውስጥ ቲም አታክ (የቡድን ጓደኛን መምታት የሚያስችለው ምርጫ) በርቶ ስለነበር ነው። ብታጠፉት አትመታውም። ለልምምድ አጥፉት። በርቶ ከተጫወታችሁ ግን አንድ ነገር ተነጋገሩ። አንተ የምትተኛው ጓደኛህ ከአንተ ራቅ ብሎ፣ ነገር ግን ለመድረስ ቅርብ ሆኖ ሲቆም ነው። እንደተኛህ የእሱ ሥራ የቀረውን ተጋጣሚ ከአንተ ማራቅ ነው። ለ4 ሰከንድ ብቻ ይያዝልህ። ለመግደል አይሞክር፣ መንገዱ ላይ ይቁም። ከባድ ገጸ ባሕርይ ቢይዝ ይመረጣል። አንተ ቀላል ስለሆንክ የሚመጣብህን ምት እሱ ቢበላልህ ይሻላል። ከመጀመራችሁ በፊት «ልተኛ ነው» የምትባባሉበት ቃል ምረጡ። ተጋጣሚዎቻችሁ አጠገባችሁ ስለሚቀመጡ ቃሉ ሌላ ነገር ቢመስል ጥሩ ነው።